ከቱሉዝ እስከ ካምብሪጅ፦ አረጋውያን ለራሳቸው የነደፉት ትምህርት

በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ሕግ መምህር የነበሩት ፒየር ቬላስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲውን ደጅ በጡረታ ከሥራ ለተሰናበቱ ሰዎች ሲከፍቱ፣ የቀድሞ ትምህርት ማስረጃ ሳይጠይቁ፣ ፈተናም ሳያቆሙ፣ ስሙን አስመዝግቦ ጥቂት ገንዘብ የከፈለውን ሁሉ ተቀበሉ፤ «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ በዓለም የታወቀው ሥራ ጥንቱ ይህ ነው። መንገዱን የጠረገለት ከ1968ቱ የተማሪዎች ዐመፅ በኋላ የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ሲሆን፣ ይኸው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ለማናቸውም የሕዝብ ክፍል ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ ትምህርት እንዲተጉ ያዘዘ ነበር።

ሥራው ምስጋና የሚገባው ነው፤ ይሁን እንጂ በቱሉዝ ሥርዓት የትምህርቱን ዝርዝር በመንደፍ ረገድ ዋናው ቃል የዩኒቨርሲቲው መምህራን ነበረ፤ አረጋዊው በክብር ተጋብዞ የሚሰማ እንጂ የሚሰማውን የሚወስን አልነበረም። ከዚህ 11 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1962፣ በኒው ዮርክ ከተማ በጡረታ የተገለሉ አስተማሪዎች «ኒው ስኩል» በተባለው የትምህርት ተቋም ጥላ ሥር ተሰባስበው፣ የሚማሩትን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸውም እየተፈራረቁ ሲያስተምሩ መቆየታቸውን ሳስብ፣ አረጋውያን ለራሳቸው ትምህርት መንደፍ እንደሚችሉ ማስረጃው አስቀድሞ የተገኘ መሆኑን እረዳለሁ።

ነገሩ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር መልኩ ተለወጠ። በ1981 በካምብሪጅ ሥራውን የጀመሩት የታሪክ ሊቁ ፒተር ላስሌት፣ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪው ማይክል ያንግና የትምህርት ሊቁ ኤሪክ ሚድዊንተር ሲሆኑ፣ ላስሌትና ያንግ ሁለቱም በ1915 የተወለዱ ነበሩና፣ ስለ እርግና ሲመክሩ ስለ ራሳቸው መምከራቸው ነበር። ላስሌት በእንግሊዝ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጻፍ የኖረውን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዚህም ምርምር የተነሣ፣ ቀድሞ ጥቂቶች ብቻ ይደርሱበት የነበረው ረጅም ዕድሜ በሃያኛው ምእት ዓመት የብዙዎች ዕጣ መሆኑን፣ ሰውም ከሥራ ተሰናብቶ ገና በጤናና በአእምሮ ብርታት ሳለ የሚኖረው አዲስ ዘመን በታሪክ ውስጥ መከሠቱን ተረዱ። በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰውን ሕይወት በአራት ከፍለው፣ ሦስተኛውን ክፍል ሰው የልቡን አሳብ የሚፈጽምበት ዘመን ያሉት ስለዚህ ነው።

እኒሁ ሊቅ ለካምብሪጁ ማኅበር በጻፉት መተዳደሪያ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር ተብሎ የሚለይ ወገን ቀረ። በአንዱ ጉባኤ የሚያስተምር በሌላው ቁጭ ብሎ ይማራል፤ ለሚያስተምር ደመወዝ የለውም፤ ማኅበሩ ዲግሪ አይሰጥም፤ ምን ትምህርት እንዲሰጥ የሚቈርጡትም አባላቱ ናቸው። የጽዋ ማኅበር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በእኛ ዘንድ ደጋሽና ታዳሚ ተራ በተራ እንደሚለዋወጡ፣ በዚያም አስተማሪና ተማሪ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጉባኤው በአባላቱ ቤት ወይም በአጥቢያው አዳራሽ ስለሚደረግ፣ ቋንቋ የሚሻው ቋንቋ፣ ታሪክ የሚወደው ታሪክ፣ አካሉን ማፍታታት የሚፈልገውም የእግር ጉዞ ያቋቁማል፤ ምን እንደሚበጀው እርሱ ስለሚያውቅ ከበላይ የሚወስንለት አያሻውም። ይህ ሥርዓት በአረጋዊው ላይ ያለው እምነት ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ነው።

አረጋውያን በራሳቸው ጉዳይ ቃል ይኑራቸው የሚለው አሳብ በኋላ በመንግሥታት ጉባኤ ተቀባይነት አገኘ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 ባጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆች፣ ደኅንነታቸውን የሚመለከት መመሪያ ሲታሰብም ሲፈጸምም አረጋውያኑ ተካፋይ እንዲሆኑ ደነገገ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2002 ስለ ንቁ እርግና ባወጣው ሰነድ፣ ጤናና ዋስትና ካላቸው ቦታ ጋር ተሳትፎን አስተካክሎ አቆመ።

ሆኖም እውነቱ ሊነገር ይገባል። በ1981 ዕድሜው 65 ዓመት የነበረው የእንግሊዝ ሠራተኛ ከትምህርት ቤት የወጣው በአብዛኛው ገና በ14 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውን በማዕድን ጉድጓድና በፋብሪካ ጨርሶ ሳለ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ና፣ ትምህርቱን አብረን እንንደፍ» ቢሉት፣ በዚያ ጉባኤ ቃሉን ለማሰማት ድፍረት ከወዴት ያመጣል? በነዚህ ማኅበሮች ቀድመው የበዙትም መካከለኛ ኑሮ ያላቸውና ትምህርት የቀመሱት ናቸው፤ ማንም ሳይከለክለው፣ ትምህርቱ ከሁሉ አብልጦ ይበጀው የነበረው ያ ሠራተኛ ከነዳፊዎቹ መካከል ሳይቈጠር ቀረ።