መረጥሁ ወይስ ተመረጠልኝ? ከጉለሌው ዊንጌት እስከ መሰናዶ ትምህርት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። በአሥራ ስድስት ወይም በአሥራ ሰባት ዓመታችሁ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገቡ፣ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» ተብላችሁ ተጠይቃችኋል። ጥያቄው የግል ዝንባሌን የሚጠይቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምርጫው በስንት ዓመት ዕድሜ፣ በየትኛው እርከንና በምን ያህል ስፋት እንደሚደረግ ሲወስን የኖረው ተማሪው ሳይሆን የመግቢያውን በር የሠራው አካል ነው። የታሪክ ተመራማሪ የምደባን መዝገብ የፍላጎት መዝገብ አድርጎ እንዳያነብ ማሳሰብ የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ጉዞውን ከጉለሌ እንጀምር። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅራቢያ የሚገኘው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ስያሜውን ያገኘው በጣልያን ወረራ ማብቂያ የጌዴዎንን ጦር ከመራው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ተማሪዎች በአዳሪነት ይማሩበት ነበር፤ መምህራኑም በብዛት እንግሊዛውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚለካው በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ስለ ነበር፣ የሚጠናው የትምህርት ዓይነት ከፈተናው ዝርዝር ውጭ ሊሆን አይችልም ነበር። የአገር ውስጡ የመልቀቂያ ፈተና ከተተከለም በኋላ ሕዝቡ «ማትሪክ» ማለቱን አልተወም። ቃሉ የባዕዱ ፈተና ቅሪት ነው።

በእንግሊዝ ሥርዓት አንድ ተማሪ የመደበኛውን ሁለተኛ ደረጃ ፈተና ካለፈ በኋላ «ሲክስዝ ፎርም» በሚባለው የሁለት ዓመት እርከን ውስጥ ሦስት ያህል ትምህርቶችን መርጦ በጥልቀት ያጠናል። ይህ እርከን በኢትዮጵያ የሥርዓቱ አካል አልሆነም። በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውን በአብዛኛው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥታ ይቀበሉ ነበር። የመሸጋገሪያውን ሥራ የሚሠራው «ፍሬሽማን» የተባለው የመጀመሪያ ዓመት ነበር። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ተማሪው አንድ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ከቆየ በኋላ ነበርና፣ ምርጫው ዘግይቶ ይደረግ ነበር ማለት ነው። ይህ ለተማሪው ጊዜ ሰጠው፤ በሩ ግን ጠባብ ነበር። ማትሪክን ያላለፈው ብዙኃን ከምርጫው አልደረሰም።

በ1950ዎቹ የተስፋፉት «ኮምፕሬሄንሲቭ» ትምህርት ቤቶች ምርጫውን ቀደም አድርገው ለማምጣት ሞከሩ። ከአካዳሚው ዘርፍ ጎን የንግድ ሥራ፣ የቤት ኢኮኖሚክስና የእጅ ሙያ ትምህርት አቀረቡ። የወላጆች ዓይን ግን ዩኒቨርሲቲ ላይ ነበር። ይህ ስሜት ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበር የሚያሳየው የትምህርት ሴክተር ግምገማ የገጠመው ዕጣ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ይህ ጥናት መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃን ለማዳረስ ሲያልም፣ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ እንደሚያጠብ ተፈራ። የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ ታስቧል የሚል ሥጋት ተዛመተ። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር። ለአብዮቱ መቀስቀስ ምክንያት ከሆኑት ክሮች አንዱ፣ እንግዲህ፣ «ማን እስከ የት ይማር?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሩን ከቦታው አዛወረው። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በአሥረኛ ክፍል እንዲያበቃ፣ ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ሁለት ዓመት መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ ተደረገ። የፍሬሽማን ዓመት ወደ መሰናዶ ወርዶ የብዙ ዲግሪዎች ዕድሜ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር፣ ከመምህራንና ከቤተ መጻሕፍት ጋር ይደረግ የነበረው ውሳኔ፣ ቤተ ሙከራ ባለውም በሌለውም ትምህርት ቤት፣ በአሥረኛ ክፍል ውጤት እንዲደረግ ሆነ። የጉለሌው ዊንጌትም በዚህ ዘመን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆነ። የዊንጌት ተማሪ የነበሩት፣ ከዚያም ወደ ሕክምና ትምህርት ገብተው ያቋረጡት መለስ ዜናዊ በመሩት መንግሥት ዘመን የራሳቸው ትምህርት ቤት ከዩኒቨርሲቲ አቅራቢነት ወደ ሙያ አሠልጣኝነት መዞሩ ልብ የሚባል ነው።

ቀጥሎ በ2000 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰባ ሠላሳ ቅበላ መጣ። ከመቶ ሰባው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደብ፣ ቀሪውን ሠላሳ ሕግ፣ ንግድና ኢኮኖሚክስ፣ ቋንቋና ታሪክ ተካፈሉት። የመንግሥት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ለታሰበው ኢንዱስትሪ ባለሙያ ማፍራት። ሆኖም የዚያን ዘመን መዝገብ አንብቦ «ወጣቱ ታሪክን ጠላ፣ ምሕንድስናን ወደደ» የሚል ሰው ቁናውን ትቶ እህሉን ብቻ የቆጠረ ነው። መዝገቡ የሚነግረን ስንት ወንበር እንደ ነበር ነው።

በ2012 ዓ.ም. መንኮራኩሩ እንደ ገና ዞረ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፤ ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ዲግሪውም ወደ አራት ዓመት ተራዘመ። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍፍል ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እንዳለ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው አንድ የማሰቢያ ዓመት ቢመልስለትም፣ ሰፊው መንገድ ቀድሞ ተከፍሎ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው፣ ምርጫን ማዘግየት ብቻውን ፍትሕ እንደማይሆን ነው፤ በቀድሞው ዘመን ምርጫው ዘገየ፣ መራጩ ግን ጥቂት ነበር። ማስቀደሙም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚከፍለው ምርጫውን የሚያማክረው ሰውና የሚሞክርበት ቤተ ሙከራ የሌለው ልጅ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ለመምህራን ነው። በየዓመቱ ክፍላችን ውስጥ የምናገኘው ተማሪ ወድዶ የመጣ ወይም ተመድቦ የመጣ ሊሆን ይችላል። የመጣበትን በር ሳናውቅ «ፍላጎት የለውም» ብለን ብንፈርድበት፣ እርሱ ያልወሰነውን ውሳኔ በእርሱ ላይ መጫናችን ነው።