ታንኳና ሞተር ጀልባ

ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ግሸን ማርያም የሚሄድ ምእመን የሐይቅን ውሃ ሳያይ አያልፍም። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ቢያያዝም ቀድሞ ደሴት ነበርና፥ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ሲገቡ መሻገሪያው ታንኳ ነበር።

ይኸው የአባቶች መሻገሪያ በጣና ዛሬም አልቀረም፤ የደንገል ታንኳ ከሞተር ጀልባ ጋር አንድ ውሃ ይካፈላል። ሞተሩ ሲፈጥን የሚያስነሣው ማዕበል ጎኑ ዝቅ ላለው ታንኳ አደጋ ነው። ስለዚህ ነገር በልዩ ልዩ አገሮች፥ የፍጥነት ወሰን በቁጥር ይደንገግ የሚሉና ለነጂው አስተዋይነት ይተው የሚሉ ይከራከራሉ።

በ1965 ዓ.ም. በለንደን የተደረገው የባሕር ግጭት መከላከያ ስምምነት ቁጥር አልቈረጠም፤ እይታን፥ የመርከቦችን ብዛትና የመቆሚያን ርቀት አመዛዝኖ በደኅና ፍጥነት መሄድን አዘዘ። ነገር ግን በሐይቅ ላይ የቀዛፊው ሕይወት በሌላው ሰው ግምት ሊንጠለጠል አይገባውም። በታንኳና በወደብ አጠገብ የታወቀ ወሰን ይበጃል፤ ውሃው አስቀድሞ የቀዛፊው መንገድ ነበርና።