ከቦሌ እስከ ደለስ፤ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ታኅሣሥ ላይ እናቴን ቨርጂኒያ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ስሸኝ የጉዞውን ጊዜ ያሰላሁት እህቴ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ በፈጀባት ሰዓት ነበር፡፡ እሷ ከዋሽንግተን ደለስ ተነስታ በ12 ሰዓት ተኩል ቦሌ ገብታለች፡፡ እኔም መንገዱ ያው ነው ብዬ፣ ከእናቴ የስኳር መድኃኒት ውስጥ የጠዋቱን ኪኒን ብቻ በእጅ ቦርሳዋ አስቀምጬ ቀሪውን በትልቁ ሻንጣ ከተትኩት፡፡

አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት አውሮፓ ላይ ሲያርፍ እናቴ የደረሰች መስሏት ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች፡፡ ደለስ የገባችው ከ17 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፡፡ ፍተሻውን አልፋ ሻንጣው እስኪገኝ የማታው መድኃኒት ሰዓት አለፈ፡፡ ደግነቱ ክፉ ነገር አልገጠማትም፤ ስህተቱ ግን የእኔ ነበር፡፡

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት፣ በአጭሩ የአየር መስመር ሲለካ፣ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ይህንን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናል፡፡ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንደኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው፡፡ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ይዞ ሊነሳ የሚችለው ክብደትም እንዲሁ፡፡ መንገደኛና ዕቃ ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ መጫን ስለሚያዳግት በመንገድ ላይ አርፎ መቅዳት የተለመደ ነው፤ በተለያዩ ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል፡፡ ከደለስ የሚነሳው ግን በቂ ነዳጅ ይዞ በቀጥታ ቦሌ ሊገባ ይችላል፡፡

ሁለተኛው ነፋስ ነው፡፡ በበረራ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፡፡ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገፋዋል፤ ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ያግዘዋል፡፡ በፈረንጆች ክረምት ደግሞ ይበረታል፡፡

ሦስተኛው ጉዞውን ሳይሆን ስሌታችንን የሚያሳስት ነው፡፡ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው፡፡ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ ከመጋቢት ሁለተኛው እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያው እሑድ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ደግሞ በ7፡፡ በእናቴ ትኬት ላይ መነሻው 22:30 (በእኛ ከምሽቱ 4:30)፣ መድረሻው በማግሥቱ 08:00 ይላል፡፡ ላይ ላዩን 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 8 ሲደመርበት 17 ሰዓት ተኩል ነው፡፡ በመልሱ ጉዞ ይቀነሳል፤ 11:00 ተነስቶ በማግሥቱ 07:30 የሚደርስ በረራ 20 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 8 ሲቀነስለት 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፡፡

ስለዚህ ወላጁን የሚሸኝ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ፡- የሰዓት ልዩነቱን ደምሮ ያስላ፤ አውሮፕላኑ በመንገድ የሚያርፍ ከሆነ «እዚያ እንዳትወርጂ» ብሎ አስቀድሞ ይንገር፤ መድኃኒቱን በሙሉ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ያስይዝ፡፡

እናቴ ስትመለስ በ12 ሰዓት ተኩል ቦሌ ገባች፡፡ መድኃኒቷ ግን አንዲት ኪኒን ሳትቀር በእጇ ነበር፡፡