የመድረክ ወንፈል፦ ማንችስተር፣ 1976



የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ጎልቶ የሚታየው በፖስተሩ ላይ በትልቁ የታተመው ስም ነው። እኔ ግን ዛሬ ከሥሩ በትንሹ ስለሚጻፉት ስሞች ልናገር እወዳለሁ። ለማስረጃነት የመረጥሁት የእንግሊዟን የማንችስተር ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ሃዋርድ ዲቮቶና ፒት ሼሊ የተባሉ ሁለት የቦልተን ተማሪዎች፣ ሴክስ ፒስትልስ የተባለውን የለንደን ፓንክ ሮክ ባንድ ሄደው ካዩ በኋላ ወደ ማንችስተር ጋበዙት። ሐሳባቸው እነርሱ የመሠረቱት ባዝኮክስ መድረኩን እንዲከፍት ነበር። ጁን 4 ቀን ባንዳቸው ስላልተሟላ ሶልስቲስ የተባለ የቦልተን ባንድ ተተካ። ጁላይ 20 ቀን ግን በዚያው አዳራሽ ባዝኮክስ፣ ስሎተር ኤንድ ዘ ዶግስ እና ሴክስ ፒስትልስ በአንድ ምሽት ተጫወቱ።

ይህን አሠራር ከገጠራችን ወንፈል ጋር ላመሳስለው እደፍራለሁ። በወንፈል ገበሬዎች ጉልበት ይዋዋሳሉ፤ ባንዶቹ የሚዋዋሱት ደግሞ ተመልካች ነው። ስም ያለው ሰው ይሰበስባል፤ ስም የሌለው በተሰበሰበው ሰው ፊት ይፈተናል።

ልዩነቱ፣ ብድሩ ወደ አበዳሪው ሳይመለስ ለቀጣዩ መተላለፉ ነው። በጁን 4ቱ ምሽት ፒተር ሁክና በርናርድ ሰምነር ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ፤ ሁክ በማግሥቱ ቤዝ ጊታር ገዛ። ባዝኮክስ በጃንዋሪ 1977፣ 500 ፓውንድ ተበድሮ፣ የመጀመሪያ ሸክላውን በራሱ አሳታሚ በኒው ሆርሞንስ አወጣ። ሜይ 29 ቀን 1977 ሁክና ሰምነር ያሉበት ዋርሶ፣ ኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጣ። በዚያ ምሽት ተመልካች ያዋሰው ባዝኮክስ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው መክፈቻ የነበረው ሰብሳቢ ሆነ።

ነገሩን ከልክ በላይ ላሳምረው አልሻም። አንድ መድረክ መጋራት እኩልነት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ማዕረግ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ለባዶ ወንበር ሊጫወት ይችላል። ሁሉም ያዋሰውን መልሶ አያገኝም። ሶልስቲስ ዛሬ ከተነሣ የሚነሣው በዚያች በአንዲት ምሽት ነው። እኔም ይህን ታሪክ ሳስተምር ለዓመታት ስሙን ዘልዬ አልፍ እንደነበር ልሸሽጋችሁ አልችልም። ክፍተቱን ሞልቶ ምሽቱን ያቆመውን ባንድ የዘለለ መምህር፣ ለተማሪዎቹ የነገራቸው ውጤቱን እንጂ ታሪኩን አይደለም።

ስለዚህ በከተማችን የኮንሰርት ፖስተር ግድግዳ ላይ ስታዩ፣ ዝናብ ሳያጥበው እስከ ግርጌው አንብቡት፤ የሁሉንም ስም መዝግቡ።