የቮልስ እድሳት

የቮልስ እድሳት ያረጀች ቮልስዋገን መኪናን ፈትቶ፣ ገላዋን ቀጥቅጦና ቀብቶ፣ ሞተሯን ጠግኖ ወደ መንገድ የመመለስ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ «ቮልስ» የሚባለው በተለይ ሞተሩ ከኋላ የሆነው ባለ ክብ ጀርባ ሞዴል ነው። ጋራዥ ገብታ የምትታደስ ቮልስ ብዙ ናት፤ ከሌሎች አሮጌ መኪኖች የሚለያት ግን አብዛኛው ሥራዋ በመኖሪያ ግቢ፣ በአንድ ክሪክና በጥቂት መፍቻ የሚያልቅ መሆኑ ነው። በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በዚህ ላይ ዳገትና ስስ አየር ይጨመራል፤ እዚያ የሚያድስ ሰው ጀርመን የተጻፈውን የጥገና መመሪያ እንዳለ ሊከተል አይችልም።

መኪናዋን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። በብዛት መመረት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሳው ከሁሉ በላይ በአንድ ቀን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ሮልስ ሮይስ ለለመዱ ንጉሠ ነገሥት የተመረጠችው መኪና፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብበት፣ ከዙፋን ካወረዳቸው ዐዋጅ ባልተናነሰ ሲወራ ኖሯል።

እድሳት የሚጀመረው ከወለል ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል በመሆኑ የሚንጠባጠበው አሲድ እዚያች ቦታ ላይ ላሜራውን ይበላዋል። የአዲስ አበባ አየር የባሕር ጨው ስለሌለበት የአብዛኞቹ ቮልሶች ገላ ከዕድሜያቸው አንጻር ደህና ነው፤ ባትሪው ሥር ግን ምንጣፉን ገልጦ በካቻቢቴ ጫፍ መውጋት ያስፈልጋል። ካቻቢቴው ካለፈ ላሜራው ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል። ገላው ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል፤ አራቱ ፓራፋንጎዎችም እንዲሁ ይፈታሉ። በክረምት ቀለም የሚቀባ ሰው ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የእንጦጦ ጭጋግና እርጥበት የሚወርድበት ሰፈር ውስጥ፣ በሸራ ሥር የተቀባ ቀለም አረፋ ያወጣል።

ሞተሩ ውሃም ራዲያተርም የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሲሆን፣ የሚያቀዘቅዛቸው ማራገቢያው የሚነፋው አየር ነው። ማራገቢያው በዲናሞው ዘንግ ላይ ተገጥሞ በአንድ ቺንጋ ስለሚዞር፣ ቺንጋው ሲበጠስ ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ ወዲያው ማጥፋት እንጂ «ቤት ልድረስ» ማለት የለም፤ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል።

ሞተሩን ለማውረድ የቤንዚን ቱቦው፣ የነዳጅ መስጫው ገመድና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ከተለያዩ በኋላ ከካምቢዮው ጋር የሚያይዙት አራት ማሰሪያዎች በቁጥር 17 መፍቻ ይፈታሉ። ሞተሩ በክሪክ ተደግፎ ወደ ኋላ ይሳብና ከካምቢዮው ዘንግ ሲላቀቅ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ተዳፋት ግቢ ውስጥ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ ጀርባዋ ሲነሳ እነሱ አየር ላይ ስለሚቀሩ ፍሬኑ ምንም አይዝም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በፊት ጎማዎች ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይወተፋል፤ ባትሪውም ይነቀላል።

የወረደ ሞተር ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚታየው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። እስከ 1970 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደዚህ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መተላለፊያ ላይ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል፤ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። ሞተሩ የያዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን በዘመናዊ መኪና ያለው ዓይነት ፊልትሮ የለውም፤ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ዘይት ማዘግየት ቮልስን የሚገድላት ለዚህ ነው። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር፣ ፑንቲናው ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ተደርጎ ይስተካከላል። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በፊት የተሠሩት በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው፤ አምፖልና ባትሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙ ሰው ወደ 12 ያዞራቸዋል። ለኦሪጅናልነት የሚሟገቱ ቢኖሩም በየቀኑ ለሚነዳት ሰው መቀየሩ ይሻላል።

ጉለሌ ባለበት በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦ ማርያም ሲደረስ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። 34 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች ባለ 1,200 ሞተር ቮልስ ጉለሌ ላይ 25 ገደማ ይቀራታል። ካርቡሬተሩ በባሕር ጠለል መጠን ቤንዚን ሲሰጥ አየሩ ስለማይበቃው ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። መፍትሔው ጠበብ ያለ የቤንዚን መመጠኛ መግጠም ነው። በዚህ ላይ በ2000ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ቤንዚን በመጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ሲጀመር የድሮ ጎማ ቱቦ የሚሟሟበት ምክንያት ተጨምሯል። የቤንዚን ታንኩ ከፊት ሆኖ ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ቱቦው በመኪናዋ ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ቮልስን ያቃጥላታል። የሺህ ብር ቀለም ቀብቶ ቱቦ መቆጠብ የማይገባ ቁጠባ ነው።

መለዋወጫ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ፈልጎ፣ አለዚያም ሌላ ቮልስ ለዕቃ ገዝቶ ይገኛል። ወጣቶች ገላዋን ዝቅ አድርገው ሰፊ ጎማ መግጠም ይወዳሉ፤ የጉለሌ ኮብልስቶን ዳገት ላይ ግን ሆዷ እየተፋቀ የምትሄድ መኪና ከማማሯ ይልቅ ታሳዝናለች።

የድሮ ቮልስ ዋጋ የጨመረው በናፍቆት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለች፣ ሊብሬ ያላት አሮጌ መኪና ሁሉ ተፈላጊ ሆነች። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው የወለል ድንደስ ላይ ነው፤ ዝገት የሚፍቅ ሰው ቁጥሩን አብሮ ካጠፋው ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ ጣጣ ይሆናል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል፤ ሞተር የቀየረ ሰው አዲሱን ቁጥር ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ አለበት።