አልፎንሶ ቤዶያ፡- ባጅ የተጠየቀው ሽፍታ

ሕግ ያጠና ሰው ፊልም ሲያይ እንደ ሌላው ተመልካች አርፎ አይቀመጥም፡፡ ጀግናው በር ሰብሮ ሲገባ ‹‹የብርበራ ፈቃድ ይዟል ወይ?›› ይላል፡፡ ሟቹ ሀብታም ሲናዘዝ ‹‹ምስክሮቹ የታሉ?›› ይላል፡፡ እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለሁም፡፡ በዚሁ ዓይን ደጋግሜ ካየኋቸው ትዕይንቶች ሁሉ አንዱ ይበልጥብኛል፡፡ ትዕይንቱ የአንድ ጥያቄና የአንድ መልስ ነው፡፡ ጠያቂው የዘመኑ ታላቅ ኮከብ ሃምፍሪ ቦጋርት ሲሆን፣ መላሹ አልፎንሶ ቤዶያ የሚባል ሜክሲኳዊ ተዋናይ ነው፡፡ መልሱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የመላሹን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሰው የፊልም ሕይወት ነው፡፡ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከሶኖራ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ

ቤዶያ የተወለደው በ1904 በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በሶኖራ ግዛት፣ ቪካም በምትባል ከተማ ነው፡፡ ቪካም የያኪ ሕዝብ ከሚኖርባቸው ጥንታዊ ከተሞች አንዷ ናት፡፡ በትወና ሙያ የተሰማራው የሜክሲኮ ፊልም ገና ዳዴ በሚልበት በ1930ዎቹ ሲሆን፣ የሜክሲኮ ሲኒማ ‹‹ወርቃማ ዘመን›› የሚባለው ወቅት ሲመጣ እርሱም አብሮ አድጓል፡፡

የመሪ ተዋናይ መልክ አልነበረውም፡፡ ፊቱ ሰፊ፣ ጥርሱ ትልልቅ፣ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርስ ነበር፡፡ የፊልም ሰዎች ‹‹ካራክተር አክተር›› ከሚሏቸው ወገን ነው፡፡ እነዚህ ተዋንያን ታሪኩን ተሸክመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይሄዱም፡፡ ለአሥር ደቂቃ ብቅ ብለው፣ አንድን ሰው ከነሙሉ ጠባዩ አሳይተው ይሰወራሉ፡፡ የተመልካቹ መልስ ‹‹ያ ሰውዬ!›› ነው እንጂ ስማቸው አይደለም፡፡

ቢሆንም ቤዶያ የሠራባቸው ዳይሬክተሮች ተራ ሰዎች አልነበሩም፡፡ ኤሚሊዮ ፈርናንዴዝ የጆን ስታይንቤክን ታሪክ ይዞ በሠራው ‹‹ላ ፔርላ›› (ዕንቁ) በተባለው ፊልም ውስጥ ተጫውቷል፡፡ ይህ በ1947 የታየ ፊልም በታላቁ የካሜራ ባለሙያ በጋብሪኤል ፊጌሮአ የተቀረጸ ሲሆን፣ ዛሬም ከሜክሲኮ ምርጥ ፊልሞች ጋር ይቆጠራል፡፡ በዚያው ዓመት ስፔናዊው ሉዊስ ቡኙኤል በሜክሲኮ የመጀመሪያ ፊልሙን ‹‹ግራን ካዚኖ››ን ሲሠራም ቤዶያ ነበረበት፡፡ እንግዲህ ጆን ሂውስተን ከአሜሪካ መጥቶ ሲያገኘው ሰውየው ልምድ ያለው ባለሙያ ነበር ማለት ነው፡፡

ጥያቄውና መልሱ

‹‹ዘ ትሬዠር ኦፍ ዘ ሲየራ ማድሬ›› (የሲየራ ማድሬ ሀብት) በጥር 1948 ለሕዝብ ቀረበ፡፡ መነሻው ቢ. ትራቨን በ1927 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው፡፡ ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው፡፡ ታምፒኮ በምትባል የወደብ ከተማ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ሁለት አሜሪካውያን፣ አንድ ልምድ ያለው ሽማግሌ ወርቅ ፈላጊ ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፡፡ ወርቁንም ያገኛሉ፡፡ ወርቁ ሲበዛ መተማመኑ ያንሳል፡፡

ከዕለታት አንድ ቀን ሽፍቶች ወደ ሰፈራቸው ይመጣሉ፡፡ አለቃቸው ወርቅማ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው ቤዶያ ነው፡፡ እኛ የመንግሥት ፈረሰኛ ፖሊሶች ነን ይላል፡፡ ከድንጋይ ጀርባ ጠመንጃውን ደግኖ የተቀመጠው ቦጋርት፣ ፖሊስ ከሆናችሁ ባጃችሁ የታለ? ብሎ ይጠይቃል፡፡

የቤዶያ መልስ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፡፡ አንደኛው ባጅ የለንም ይላል፡፡ ሁለተኛው ባጅ አያስፈልገንም ይላል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ያንን የገማ ባጅ ላንተ የማሳየት ግዴታ የለብኝም ይላል፡፡ ሕግ ያጠና ሰው እዚህ ላይ ከመቀመጫው ብድግ ማለቱ አይቀርም፡፡ ሰውየው በመጀመሪያው ስለ ፍሬ ነገሩ አመነ፤ በሁለተኛው ስለ አስፈላጊነቱ ካደ፤ በሦስተኛው ግዴታውን ካደ፡፡ የትኛውም ሕገወጥ ሥልጣን የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው፡፡ ማስረጃ ከማጣት ይነሳና ማስረጃ መጠየቅን ወንጀል በማድረግ ያበቃል፡፡

ቃላቱን የጻፉት ትራቨንና ሂውስተን ናቸው፡፡ የቤዶያ ድርሻ ንዴቱ ነው፡፡ ትዕይንቱን ልብ ብላችሁ እዩት፡፡ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፡፡ ‹‹ባጅ›› የሚለውን ቃል በመገረም ይደግመዋል፤ የቀረበለት ጥያቄ ከክብሩ በታች የሆነ ይመስል፡፡ ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ ቁጣው ከሥሩ ይወጣል፡፡ ሌላ ተዋናይ ቢሆን ይህን ሽፍታ ውሸቱ የተነቃበት ሌባ አድርጎ ይጫወተው ነበር፡፡ ቤዶያ ግን የተሰደበ ባለሥልጣን አድርጎ ተጫወተው፡፡ ሽፍታው ለዚያች ቅጽበት ባለሥልጣን ነኝ ብሎ ከልቡ አምኗል፡፡ ሰባ ዓመት አልፎም የሚያስቀንና የሚያስፈራን ይህ ነው፡፡

የአህዮቹ ምልክት

ፊልሙ በዚህ አያበቃም፡፡ ወደ መጨረሻው ይኸው ሽፍታ ከሁለት ግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ብቻውን ያገኘውን ቦጋርትን በቆንጨራ ይገድለዋል፡፡ በአህዮቹ ላይ የተጫነውን የወርቅ ብናኝ የቆዳውን ክብደት ለመጨመር የገባ አሸዋ ነው ብለው ይደፉታል፡፡ አህዮቹን ግን ከተማ ወስደው ለመሸጥ ያቀርባሉ፡፡ የከተማው ሰዎችም በአህዮቹ ገላ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰውን ምልክት አይተው የማን ንብረት እንደነበሩ ያውቃሉ፡፡ ሽፍቶቹ ተያዙ፡፡

ምልክት አያስፈልገኝም ያለው ሰው በምልክት ተያዘ ማለት ነው፡፡ ባጁም ተኩሱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ‹‹ይህ የማን ነው? በማን ሥልጣን ነው?›› ለሚለው መልስ ናቸው፡፡

ታሪኩን ለባጅ ብቻ የተዘመረ ውዳሴ እንዳናደርገው ግን ቀጣዩን ትዕይንት አንዝለል፡፡ እውነተኞቹ ወታደሮች፣ ማለትም ባጅ ያላቸው፣ ሽፍቶቹን መቃብራቸውን አስቆፍረው ይረሽኗቸዋል፡፡ ፊልሙ ክስም ችሎትም አያሳየንም፡፡ ቤዶያ ከመገደሉ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወደቀ ባርኔጣውን አንስቶ ማድረግ፡፡ ይፈቀድለታል፡፡ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ ያንን ባርኔጣ ነፋስ ይወስደዋል፡፡ ፊት ለፊት የተቀመጠው ነገር ግልጽ ነው፡፡ ባጅ የሥልጣን መጀመሪያ እንጂ የፍትሕ መጨረሻ አይደለም፡፡

በዚያ ዓመት የኦስካር ሽልማት ጆን ሂውስተን በዳይሬክተርነትና በስክሪፕት ጸሐፊነት፣ አባቱ ዋልተር ሂውስተን ደግሞ በረዳት ተዋናይነት ተሸለሙ፡፡ ቤዶያ ለዕጩነትም አልቀረበም፡፡ በ2005 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ከአሜሪካ ፊልሞች 100 የማይረሱ አባባሎችን ሲመርጥ ግን የእርሱ መልስ 36ኛ ሆነ፡፡ ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው እንኳ ዋናውን ሳይሆን ሜል ብሩክስ በ1974 ‹‹ብሌዚንግ ሳድልስ›› በተባለው ቀልደኛ ፊልሙ ያሳጠረውን ነው፡፡

ሆሊውድን ባጅ የጠየቀው ማነው?

እዚህ ላይ ጥያቄውን ማዞር ያስፈልጋል፡፡ ሆሊውድ ‹‹ሜክሲኳዊ ማለት ሽፍታ ነው›› ብሎ ለዓለም ሲናገር በማን ሥልጣን ነበር?

ጥያቄው አዲስ አይደለም፡፡ በ1922 የፕሬዚዳንት አልቫሮ ኦብሬጎን መንግሥት ሜክሲካውያንን የሚያዋርድ ፊልም የሚሠራ ኩባንያ፣ ያ አንድ ፊልም ብቻ ሳይሆን ፊልሞቹ በሙሉ ሜክሲኮ እንዳይገቡ አግዶ ነበር፡፡ ገበያው ትልቅ ስለነበር ኩባንያዎቹ ለመደራደር ተገደዱ፡፡ በ1930 የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ራሳቸው ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም የሌሎች አገሮች ታሪክ፣ ተቋማትና ዜጎች በሚዛናዊነት እንዲቀርቡ የሚያዝ አንቀጽ ነበረው፡፡ አንቀጹ መኖሩና መከበሩ ግን፣ እንደምናውቀው፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡

ሂውስተንም ፊልሙን በሜክሲኮ ምድር ሲቀርጽ ይህ ጥርጣሬ ገጥሞታል፡፡ ፊልሙ አገር ያዋርዳል የሚል ወሬ በአካባቢው ጋዜጣ ወጥቶ ቀረጻው ለጊዜው እንደቆመና እነ ሠዓሊው ዲየጎ ሪቬራ አማልደው እንደቀጠለ ይተረካል፡፡ በበኩሌ ፊልሙ ከብዙዎቹ የተሻለ ሚዛን አለው እላለሁ፡፡ በስስት የሚያብደው አሜሪካዊው ነው፡፡ ሽማግሌው ራሱን የሳተ ልጃቸውን ሲያድንላቸው በክብር የሚያስተናግዱት የመንደሩ ሰዎችና ወንጀለኞቹን የሚይዙት ሁሉ ሜክሲካውያን ናቸው፡፡

ችግሩ የመጣው ከፊልሙ በኋላ ነው፡፡ ሆሊውድ ከቤዶያ ትወና ውስጥ የወሰደው ንዴቱንና ክብሩን ሳይሆን ጥርሱንና ፈገግታውን ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ በተከታታይ ተቀጠረ፤ ‹‹ስትሪትስ ኦፍ ላሬዶ››፣ ‹‹ማን ኢን ዘ ሳድል››፣ ‹‹ቴን ዋንትድ ሜን›› እና ሌሎችም፡፡ አብዛኞቹ ሚናዎች ወይ ሽፍታ፣ ወይ አሽከር፣ ወይ መሳቂያ ናቸው፡፡

ከእነዚህ ውስጥ ተለይቶ የሚወጣው በ1949 አንቶኒ ማን የሠራው ‹‹ቦርደር ኢንሲደንት›› ነው፡፡ በ1942 አሜሪካና ሜክሲኮ ባደረጉት ስምምነት ‹‹ብራሴሮ›› የሚባሉ የእርሻ ሠራተኞች በሕጋዊ መንገድ ይሻገሩ ነበር፤ አሠራሩም እስከ 1964 ቆይቷል፡፡ ፊልሙ የሚያሳየው ወረቀት ሳይዙ በደላላ የሚሻገሩትን፣ ደላሎቹም ዘርፈው ገድለው ረግረግ ውስጥ የሚጥሏቸውን ምስኪኖች ነው፡፡ ቤዶያ የገዳዮቹ ወገን ነው፡፡ እዚህ ፈገግታው አያስቅም፡፡ ድንበር፣ ደላላና የእንጀራ ፍለጋ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ፊልሙ ዛሬም አላረጀም፡፡

ቤዶያ ከሞተ በኋላም የፈገግተኛው ሽፍታ ምስል ብቻውን ኖረ፡፡ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአንድ የበቆሎ ቺፕስ ማስታወቂያ ‹‹ፍሪቶ ባንዲቶ›› የሚባል የካርቱን ሽፍታ ፈጥሮ፣ የሜክሲካውያን አሜሪካውያን ማኅበራት በተቃውሞ እስኪያስነሱት ድረስ በቴሌቪዥን ሲታይ ቆይቷል፡፡ በ1986 ደግሞ ሉዊስ ቫልዴዝ የተባለው የቺካኖ ጸሐፌ ተውኔት በሆሊውድ አጃቢነት ሲሠሩ ስለኖሩ ባልና ሚስት ተውኔት አቀረበ፡፡ ርዕሱን ከዚያው ከቤዶያ መልስ ወሰደው፡፡ የሽፍታው ቃል በቫልዴዝ እጅ ትርጉሙ ተገለበጠ፤ እኔ አሜሪካዊ መሆኔን ላንተ የማስረዳት ግዴታ የለብኝም የሚል ሆነ፡፡

የመጨረሻው ሚና

ቤዶያ በታኅሣሥ 1957 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በ53 ዓመቱ አረፈ፡፡ የመጨረሻ ፊልሙ፣ ዊሊያም ዋይለር የሠራው ‹‹ዘ ቢግ ካንትሪ››፣ ለተመልካች የቀረበው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1958 ነው፡፡ ሚናው ራሞን የሚባል የአንድ ባለ ርስት ሠራተኛ ነው፡፡ ግሪጎሪ ፔክ ማንም ያልገራውን ፈረስ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ሲገራ ያየው ራሞን ብቻ ነው፡፡ እንግዳው ይህን ለማንም እንዳይናገር ይጠይቀዋል፡፡ ከርስቱ ጌቶች ሁሉ በፊት የእንግዳውን ማንነት የሚረዳው ይህ ሠራተኛ ነው፡፡

ያው ፊት ነው፤ ያው ጥርስ፣ ያው ፈገግታ፡፡ አሁን ግን በፈገግታው ውስጥ ያለው አድናቆትና ጨዋነት ነው፡፡ ክፋቱ ከፊቱ ሳይሆን ከተጻፈለት ወረቀት የመጣ እንደነበር ይህ ሚና ይመሰክራል፡፡ በአሥር ዓመት የሆሊውድ ሥራው እንዲህ ያለ ወረቀት ያገኘው ከስንት አንዴ ነው፡፡

ስለዚህ ‹‹የሲየራ ማድሬ ሀብት››ን የምታዩ ካላችሁ ‹‹ዘ ቢግ ካንትሪ››ንም አስከትላችሁ እዩ፡፡ አንዱን ብቻ አይቶ በሰው ላይ መፍረድ ግራ ቀኙን ሳይሰሙ መፍረድ ነው፡፡ ቦጋርት የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ አብሯችሁ ይቆይ፡፡ መሣሪያ ይዞ በራችሁ ላይ የቆመንም ሆነ ‹‹እነዚያ ሰዎች እንዲህ ናቸው›› የሚልን ሁሉ፣ በማን ሥልጣን? ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፡፡ የተጠየቀው ሰው መልስ ከመስጠት ይልቅ ከተቆጣ፣ መልሱን ሰጥቷል፡፡