የሞተር ጠጋኝና የቀጥቃጭ ስም

በ1900 ዓ. ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በአውቶሞቢል ተሳፍሮ ዳግማዊ ምኒልክ ወዳሉበት ወደ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በእጁ ሥራ ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ዓመት ያገናኛቸው በአጋጣሚ ነው፤ ሆኖም የኢትዮጵያ የሞተር ጥገና ታሪክ በሁለቱም ላይ የቆመ ነው።

ብረትን በእሳት የሚያለዝበው ሰው በደጋው አገር ጠይብ እየተባለ ይናቅ፣ ቡዳ እየተባለም ይፈራ ነበር፤ ማረሻውንና ማጭዱን ግን የማይሻ አልነበረም። መካኒኩም የሚታገለው ከዚያው ከብረትና ከእሳት ጋር ሲሆን ያ ስም አልተከተለውም። አንደኛው ምክንያት ሙያው የመጣበት ቋንቋ ይመስላል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.፣ የጭነት መኪና በብዛት ገባ፤ ከድሉም በኋላ ባገር የቀሩት ጣልያኖች በከፈቷቸው ጋራዦች ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ሙያውን በዓይንና በእጅ ተማሩ። ስለዚህ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን የሚሉት ሁሉ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው፤ መሪን የመሰሉ ያገር ቃላት ጥቂት ናቸው። አዲስ ስም የያዘው ሥራ አሮጌውን ስድብ ሳይወርስ ቀረ።

ሥራው ግን ከአሮጌው የራቀ አልነበረም። በቆዩት ሞተሮች፣ ቢየላው ዋናውን ዘንግ በሚይዝበት ስፍራ ያለው ብሮንዚን ቆርቆሮና እርሳስ በሚገኙበት ለስላሳ ቅልቅል የተለበጠ ነበር። ይህ ቅልቅል ከ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ስለሚቀልጥ የከሰል ፍምና ወናፍ ይበቁታል፤ ልባሱ ሲያልቅ አዲስ አፍስሶ፣ በዘንጉ ላይ እየለኩ በእጅ በመፋቅ ማስተካከል ይቻላል። የተሰነጠቀ የሞተር አካል ግን ሌላ ነገር ነው። ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ብረት እንደገና ለመቅለጥ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይሻል፤ ቢበየድም እኩል ካልሞቀ መልሶ ይሰነጠቃል። እንግዲህ የትኛው ክፍል በምድጃ አቅም እንደሚድን ለይቶ ማወቅ ከጠጋኙ ዕውቀት ዋነኛው ነበር።

ላስታን በመሰለ ደጋ የብረቱ ጉዞ ወደ ኋላም ይመለሳል። ከደሴ ወደ አሥመራ የሚወስደው መንገድ በቆቦ ሜዳ ሲያልፍ፣ ሙጃ ከዚያ በስተምዕራብ በግዳን ደጋ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለው የገበሬ አገር፣ ከመኪና የወጣ አሮጌ ባሌስትራ ለቀጥቃጭ የተመረጠ ብረት ነው፤ ከተራው ብረት ይልቅ ካርቦን ስላለው ግሎ በውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ማረሻ ወይም ማጭድ ወይም ቢላዋ ይሆናል። ይህን ማረሻ የሠራው ሰው እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ጠይብ ሲባል፣ ያንኑ ባሌስትራ ከመኪናው የፈታው መካኒክ ተባለ።